ስለ ቱሉ ዲምቱ የሚባለውና እውነቱ

ተራራ መውጣት በተነሣ ቍጥር የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ አልፕስ በረዶና ገደል ስለሚሄድ፣ ከጎሮ ወይም ከሮቤ ተነሥቶ በባሌ ተራሮች ወዳለው ወደ ሳነቴ አምባ የሚወጣ ወጣት ጉዞውን እንደ ሽርሽር ቈጥሮ፣ ስስ ሹራብ ደርቦ በመኪና ይሳፈራል። የአምባው ጫፍ የቱሉ ዲምቱ ቁመት ግን 4377 ሜትር ነው፤ ስመ ጥሩው የአልፕስ ተራራ ማተርሆርን እንኳ እርሱን የሚበልጠው በ100 ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

«መኪና የሚወጣበት ተራራ ምን ያስፈራል?» ይባላል። ከስሕተቶች ሁሉ የከፋው ይህ ነው። በአልፕስ ወደ ጫፍ የሚወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ በእግሩ ተጉዞ በተራራ ጎጆ ስለሚያድር፣ ሥጋው የሳሳውን አየር ጥቂት በጥቂት ይለምዳል፤ በባሌ ግን መንገደኛው ላብ ሳያፈስ፣ ከጎባ 2700 ሜትር ገደማ ተነሥቶ በአንድ ማለዳ የሚደርሰው፣ በአንድ እስትንፋስ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚያገኘው ከመቶ 60 እጅ ያህል ብቻ ወደሆነበት ጫፍ ነው። ከመኪናው ወርዶ ጫፉ ላይ ወደ ቆመው አንቴና ጥቂት እርምጃ ሲሮጥ ትንፋሹ ይቈረጣል፤ ሰዓታት ከቈየ ደግሞ ራሱን ይወቅረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ሌሊት እንቅልፍ ይነሣዋል።

«ይህ የሚያገኘው ደካማን ነው» የሚሉም አሉ። ኃይለ ሥጋ ግን ከዚህ ሕማም አያድንም፤ ወሳኙ የአወጣጥ ፍጥነት ነውና። እንዲያውም ብርቱው ጎልማሳ ይቸኵላል፣ ሕመሙንም አፍሮ ይደብቃል፤ እኔን እጅግ የሚያሳስበኝ ይህ ዝምታ ነው።

ከፍታው ለሰው ልጅ አልተፈጠረም ማለትም ልክ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንደገለጠው፣ ከ40 ሺሕ ዓመት በፊት፣ ሳነቴ ላይ የበረዶ ግግር በነበረበት ዘመን፣ ሰዎች 3469 ሜትር ከፍታ ባለው በባሌው ፍንጫ ሐበራ ዋሻ ተጠልለው፣ ዛሬ ቀይ ቀበሮ የሚያድነውን ግዙፍ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር።

አረቄ ያሞቃል መባሉ ሐሰት ነው፤ ደሙን ወደ ቈዳ አውጥቶ የውስጡን ሙቀት ያባክናል፤ በበጋ ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ በሚወርድበት በሳነቴ ይህ ለሞት ያደርሳል።

ጫፉን ማየት የሚሻ ሰው አስቀድሞ ጎባ ወይም ዲንሾ ሁለት ሌሊት ይደር። እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ፣ ነገር የሚምታታበት፣ ወይም ተቀምጦ ሳለ የሚያለከልክ ጓደኛ ካለ ግን ነገን ሳይጠብቁ፣ በሰሜን ወደ ጎባ ወይም በደቡብ ወደ ሪራ፣ በዚያው ሰዓት ይዞት መውረድ ይገባል።