የእርዳታ እህል ሒሳብ በአደባባይ

በ1965 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሃብ ብዙ ሕዝብ የፈጀው ዝናብ በመጥፋቱ ብቻ ሳይሆን መንግሥት የችግሩን መጠን በመደበቁ ጭምር ነበር። በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከተቋቋመ ወዲህ የረሃብ መረጃ መሰብሰብ የመንግሥት ሥራ ሆኗል፤ ሆኖም መረጃው መሰብሰቡና ለሕዝብ መከፈቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ክፍት መረጃ የሚባለው ማንኛውም ሰው ያለ ክፍያ አግኝቶ ሊደምረው፣ ሊያነጻጽረውና መልሶ ሊያሰራጨው የሚችለው ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ በ2006 ዓ.ም. የከፈተው የመረጃ መለዋወጫ የኢትዮጵያን ወረዳዎች ወሰን የያዘ ካርታ ከነመለያ ቁጥራቸው ያቀርባል፤ «ፒ-ኮድ» የሚባለው ይህ ቁጥር አንዱ ሰነድ የወሎውን ወረዳ «ሀብሩ»፣ ሌላው «ሐብሩ» ብሎ ቢጽፍ ኮምፒውተሩ ሁለት ወረዳ አድርጎ እንዳይቆጥራቸው ያደርጋል።

ይሁን እንጂ ካርታው ወረዳ ላይ ከቆመ ዋናው ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ላይ ባለችው የሀብሩ ከተማ ውርጌሳ እህል የጫነ መኪና ሲያልፍ ሁሉም ያያል፤ ከመንገዱ ርቀው ለሚገኙት የሀብሩ ቀበሌዎች ስንት ኩንታል እንደደረሰ ግን ከአስፋልቱ ዳር ሆኖ ማወቅ አይቻልም። የተለመደው ወርኃዊ ራሽን ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል በመሆኑ፣ 1,000 ተረጂ የተመዘገበበት ቀበሌ 150 ኩንታል ሊደርሰው ይገባል፤ የተመደበው፣ ከመጋዘን የወጣውና በማከፋፈያ ጣቢያው የታደለው መጠን በየቀበሌው ጎን ለጎን ቢወጣ፣ ጉድለቱ የትኛው እርከን ላይ እንደተፈጠረ መደመርና መቀነስ የሚችል ሁሉ ይደርስበታል።

እንዲህ ያለ የየቀበሌ መረጃ አለመኖሩ የሚያስከፍለው ዋጋ በ2015 ዓ.ም. ታይቷል። የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እርዳታው ላልታለመለት ወገን እየዋለ መሆኑን ጠቅሰው በሰኔ ወር በመላ አገሪቱ የምግብ እደላ ሲያቋርጡ፣ እህል የጎደለበትም ያልጎደለበትም ቀበሌ አብሮ ተቀጥቷል።

ሁሉም መረጃ ግን እኩል አይከፈትም። በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የተመረጡ ቤተሰቦች ስም በቀበሌ በይፋ የሚለጠፈው፣ ጎረቤት ማን እንደተዘለለና ማን ያለ አግባብ እንደገባ አይቶ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲያቀርብ ነው። እንዲህ ያለ የስም ዝርዝር በኢንተርኔት ቢሰራጭ ግን ለምሳሌ በመጠለያ ያሉ ተፈናቃዮችን ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣውም እንዲህ ያለውን መረጃ ለመጠበቅ ነው። ስለዚህ የኩንታሉ ቁጥር ለአገር ሁሉ፣ የተረጂው ስም ደግሞ ለሚያውቁት የቀበሌው ሰዎች ብቻ ሊገለጥ ይገባል።