ደን ጠባቂው እምቢ ማለት ይችላል?

በከፋና በሸካ ደን ውስጥ ሲያልፉ ቀና ብሎ ለሚያይ፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ የተሰቀሉ ረጃጅም ቀፎዎች ይታያሉ። መሬቱ በመንግሥት መዝገብ የመንግሥት ደን ነው። በመንደሩ ሰው ዘንድ ግን እያንዳንዱ ባለቀፎ ዛፍ የእገሌ መሆኑ የታወቀ ነው። ይህ የቆየ ይዞታ ኮቦ ይባላል። ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድም ሌላ ሰው ቀፎ አይሰቅልበትም። ገተማ ሲያብብ ነጩ ማር የሚገኘው ከዚያ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ቡና፣ ኮረሪማና ጥምዝ ይለቀማል። ገተማን የሚያህል ዛፍ በአንድ ሰው ዕድሜ አይተካምና፣ ማር ቆራጩ መጥረቢያውን አያነሳበትም።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ከባለርስት አላቀቀ፤ ታላቅነቱን የሚክድ የለም። ኮቦን የመሰለ ይዞታ ግን በሕግ ፊት ስፍራ አጣ። ደኑ የመንግሥት ሆነ፣ ዘበኛ ተቀጠረለት፣ ለዘመናት ሲጠቀምበት የኖረው ሰው ጫካ ሲገባ በሌብነት የሚጠረጠር ሆነ። ውጤቱ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ታየ። ዘበኛው ሲበተን በየአካባቢው ደን ያለ ከልካይ ተመነጠረ። ይህን በገበሬው ድንቁርና የሚያሳብቡ ብዙ ናቸው፤ እኔ አልስማማም። ነገ ማን እንደሚወስድበት የማያውቅ ሰው ዛሬ ቢቆርጥ ምን ይደንቃል?

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ መንገድ ተሞከረ። በጭልሞ፣ በቦንጋ፣ በአዳባና በዶዶላ ደኑን ከነዋሪው ጋር በውል የማስተዳደር ሥራ ተጀመረ፤ ዛሬ አሳታፊ የደን አስተዳደር የምንለው ነው። የአዳባ ዶዶላውን ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። እዚያ ዋጂብ የሚባሉ የደን ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ። ስሌቱ ለአንድ ቤተሰብ 12 ሄክታር ነው፤ አንድ ማኅበር ከ30 ቤተሰብ ስለማይበልጥ፣ የሚረከበው ደን ቢበዛ 360 ሄክታር ይሆናል ማለት ነው። ማኅበሩ ለመንግሥት ዓመታዊ ኪራይ ይከፍላል፣ በልኩ እንጨት ቆርጦ ይሸጣል፣ ከብቱን ያሰማራል፤ የደኑ ሽፋን እየተለካ ከቀነሰ ይጠየቃል። ጥዱንና ኮሶውን ከሌሊት ቆራጭ የሚጠብቀው ያው ነዋሪ ነው። ቁጥሩ የተወሰነ፣ ወሰኑ የታወቀ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያውቅበት አሠራር በመሆኑ ከዘበኛው ይልቅ ሠራ።

አሳታፊ አስተዳደሩ ግን ሁሉንም እኩል አላቀፈም። በከፋ ለዘመናት ተገልለው የኖሩት የመንጃ ማኅበረሰብ አባላት ከሰል በማክሰልና እንጨት በመሸጥ ነው የሚተዳደሩት፤ የብዙዎቹ የእርሻ መሬት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከሰል ማክሰል ሲከለከል ቀድሞ ጦሙን የሚያድረው መንጃው ነው። የማኅበር ደንብ ሲወጣ እነሱ በጉባኤው ከሌሉ፣ ደኑ የዳነው በድሃው ምግብ ነው።

ትልቁ ችግር ግን ከማኅበሩ ውጭ ነው። ውሉ መጠቀም ይፈቅዳል፤ ደኑ ለሌላ ሲሰጥ እምቢ ለማለት አያስችልም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። በተግባር ግን ከሁለቱ ባለቤቶች ፊርማ ያለው አንዱ ብቻ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣውና እስከ 2016 ዓ.ም. ያገለገለው አዋጅ ቁጥር 456 ይህን በግልጽ አስፍሮት ነበር፤ መንግሥት የመሬት ባለቤት በመሆኑ፣ የወል ይዞታን እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ግል ይዞታ ማዛወር ይችል ነበር። አስፈላጊ መሆኑን የሚወስነው ማን እንደነበር ለመገመት አያስቸግርም።

በጋምቤላ፣ መዠንገር ዞን፣ ጎደሬ ወረዳ የሆነው ይኸው ነው። በ2002 ዓ.ም. 3,012 ሄክታር የጉማሬ ደን ለሻይ ልማት ለአንድ የውጭ ኩባንያ ለ50 ዓመት ተከራየ፤ ኪራዩ ለሄክታር በዓመት 111 ብር ነበር። መዠንገሮች ከዚህ ደን ማር የሚቆርጡ፣ ኑሯቸውም እምነታቸውም ከእሱ ጋር የተሳሰረ ሕዝብ ናቸው። ሽማግሌዎቻቸው አዲስ አበባ ድረስ መጥተው አቤት አሉ። በወቅቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ስለ ደኑ ተቆርቁረው ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ደብዳቤ ጻፉ። የአገር ርዕሰ ብሔር ደብዳቤም ቢሆን ውሉን አላስቀረም። በ2009 ዓ.ም. የመዠንገር ደን በዩኔስኮ የባዮስፌር ሀብትነት ተመዘገበ። ዓለም ዋጋውን ሲያውቅለት፣ ሽማግሌዎቹ ቀድመው የተናገሩት ያው እንደነበር ያስታወሰላቸው አልነበረም፤ ይህ ያንገበግበኛል።

ሕጉ አልተሻሻለም አልልም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ የሚያውቀው የመንግሥትና የግል ደንን ብቻ ነበር። በ2010 ዓ.ም. የታወጀው ቁጥር 1065 ግን የማኅበረሰብና የማኅበራት ደንን ጨመረ። ይህ ብዙዎች የለፉበት ድል ነው። ሆኖም የድሮዎቹ ማኅበራት በእጃቸው ያለው በአብዛኛው ከግብርና ጽሕፈት ቤቶች ጋር የተፈራረሙት ውል ነው። ከፋና ሸካ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ከደቡብ ክልል ወጥተው አዲስ ክልል ውስጥ ገብተዋል፤ ውሉን የፈረመው መዋቅር ተለውጧል። ስለዚህ ቀዳሚው ሥራ እነዚህን ደኖች በአዋጁ መሠረት የማኅበረሰብ ደን ብሎ መመዝገብ፣ ወሰናቸውን በካርታ ማስፈር፣ መንጃውንም ባለኮቦውንም በአባልነት መዝገብ ላይ ማስገባት ነው። ባለሀብት ሲመጣም ጥያቄው ከወረዳው በፊት ለማኅበሩ ጉባኤ ይቅረብ፤ ጉባኤው እምቢ ካለ ጉዳዩ እዚያው ይዘጋ።