የጓሳ ጥቅምና ወጪ፦ ልዩውን ከጋራው መለየት

አንድን አካባቢ ለማሻሻል የሚወጣው ገንዘብ ከማን ይሰብሰብ? መንገድ ሲነጠፍ፣ መብራት ሲተከል፣ ዘበኛ ሲቀጠር አጠገቡ ያለው ባለንብረት ከሌላው አብልጦ ይጠቀማል፤ ይህ ልዩ ጥቅም ነው። አላፊ አግዳሚውና የቀረው የከተማ ሕዝብም የድርሻውን ያገኛል፤ ይህ ደግሞ የጋራ ጥቅም ነው። ባለንብረቱ ለልዩ ጥቅሙ ቢያዋጣ የሚከራከር የለም። ሙግቱ የሚነሳው የጋራው ጥቅም ዕዳም በእሱ ላይ ሲጫን ነው።

የሰፈር ነጋዴዎች በሕግ መዋጮ እየሰበሰቡ አካባቢያቸውን የሚያሻሽሉበት አሠራር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 በካናዳ፣ በቶሮንቶው ብሎር ዌስት ቪሌጅ ነው። ክርክሩ የጠነከረው ግን በካሊፎርኒያ ነው። ግዛቲቱ በ1994 ለባለንብረቶች መዋጮ የሚሆን ሕግ አወጣች፤ በ1996 ደግሞ መራጩ ሕዝብ «ፕሮፖዚሽን 218»ን አጸደቀ። በዚህ ድንጋጌ መሠረት መዋጮ የሚጥል አካል የጋራውን ጥቅም ከልዩው መለየት፣ ስሌቱንም በመሐንዲስ ጥናት ማስደገፍ አለበት፤ ከባለንብረቱ የሚጠየቀው የልዩ ጥቅሙ ድርሻ ብቻ ነው። በ2008 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሳንታ ክላራ ካውንቲ ከየመኖሪያ ቤቱ በዓመት 20 ዶላር የሚሰበሰብበትን መዋጮ ሻረ። ገንዘቡ የታሰበው ክፍት መሬት ሳይገነባበት እንዲጠበቅ ነበር። የፍርዱ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፦ የተጠበቀ ሜዳ ለሁሉም ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤት ለይቶ የሰጠው ጥቅም መኖሩ አልተረጋገጠም።

በእኛ አገር የዚህ ጥያቄ ዋና ማሳያ ለእኔ ከተማ አይደለም፤ የመንዙ ጓሳ ነው።

ጓሳ በመንዝ ጌራ ምድር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ውርጫም አምባ ነው። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ እረኛ ከዝናብ የሚጠለልበት ገሳ ይሠራበታል። ቁጥቋጦው ለማገዶ ይሆናል። ድርቅ ሲመጣ የከብትና የበግ መሸሸጊያ እሱ ነው። ይህን ሀብት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያስተዳደረው ቄሮ የሚባለው ሥርዓት ነው። የመጠቀም መብት የአስቦና የጌራ ተወላጆች ነበር፤ እንደ አጽመ ርስት ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ተጠቃሚዎቹ በመረጧቸው አለቆች ትእዛዝ ጓሳ በተከታታይ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋል፤ ሲከፈትም በበጋው ድርቀት ነው። መጀመሪያ ሣር ይታጨዳል፣ ቀጥሎ ከብት ይገባል፣ ክረምት ሲቃረብ እንደገና ይዘጋል። ተጠቃሚው ራሱ ዘብ ይወጣል። መዋጮው በጉልበት ነበር፤ የሚያዋጣውም ሣሩን የሚያጭደው ሰው ነው። የመሐንዲስ ሰነድ ባይኖርም ልዩ ጥቅምና ልዩ ግዴታ በአንድ እጅ ነበሩ። ከትውልዱ ውጭ ያለው ሰው ግን መብት አልነበረውም፤ የሥርዓቱ ትልቅ ጉድለት ይህ ነው።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ያንን የትውልድ መብት አፈረሰው። ለገበሬ ማኅበራት አባላት ሁሉ በሩ ተከፈተ፤ ፍትሐዊ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ከመብቱ ጋር የጥበቃው ግዴታ አልተከተለም፤ ጓሳም ተጎዳ። በኋላ ኗሪው በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ፤ የአማራ ክልልም ሥፍራውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ብሎ በሕግ አወቀው።

አሁን ጥቅሙን እንደልድል። ሣሩና ማገዶው የጓሳ ዙሪያ ቀበሌዎች ልዩ ጥቅም ነው። በአምባው የሚኖረው ቀይ ቀበሮ የአገርና የዓለም ነው፤ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 ብዙም አይበልጥም። ውሃው ላይ ግን ክፍፍሉ ይከብዳል። ከጓሳ የሚወርደው ውሃ በምዕራብ በኩል ወደ ዓባይ፣ በምሥራቅ ደግሞ በይፋት በኩል ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይሄዳል። በቆላው በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ጓሳን በዓይኑ ላያየው ይችላል፤ ጥቅሙ ግን የራሱ ማሳ ላይ የሚታይ ልዩ ጥቅም ነው። ስለዚህ ቅርበትን ብቻ መለኪያ ማድረግ ያሳስታል። ወጪው ደግሞ በደጋው ላይ ብቻ ቀርቷል። በተዘጋው ዘመን ገብሱን ውርጭ የመታበት የመንዝ ገበሬ በጎቹን ከሣሩ ዳር አቁሞ ያያል እንጂ አያስገባም። ያ ያልተጋጠ ሣር በየትኛውም የመንግሥት በጀት ላይ አልተጻፈም። ኒውዮርክ ከተማ ግን የመጠጥ ውሃዋ የሚመነጭባቸው ተራሮች እንዲጠበቁ እ.ኤ.አ. በ1997 ከላይኛው አገር ሰዎች ጋር ተዋውላ ወጪውን ትከፍላለች።

የከተሞቻችን ሕግ ይህን ልዩነት ገና አልያዘም። የ1968 ዓ.ም. የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር አዋጅ ቁጥር 80 ያየው ቦታውንና ቤቱን ነበር። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅም መሠረቱ የንብረቱ ዋጋ ነው። ለኮብልስቶን የሚሰበሰበው የኗሪ መዋጮ ለልዩ ጥቅም ክፍያ ይቀርባል፤ ሆኖም ድልድሉ የሚቆመው በኮሚቴ ስምምነት ላይ ነው። ዋና መንገድ ለሚሆነው ጎዳና ከተማው፣ ለውስጥ ለውስጡ መንገድ ደግሞ ደጃፉ ያለው ሰው ምን ያህል ይክፈል የሚለው ቀድሞ ተሰልቶ ቢጻፍ ብዙ ቅሬታ ይቀንሳል።

ለጓሳ ድልድሉ ይህ ይሁን እላለሁ፦ ሣር የሚያጭደው በዘብነቱ ይቀጥል፤ የቀይ ቀበሮውን ጥበቃ ክልሉና የፌዴራል መንግሥቱ ይሸፍኑ፤ በመስኖ የሚያለማው የቆላ ተጠቃሚም ከውሃው ልክ ጥቂት ድርሻ ያምጣ። የክልሉ የውሃና የአካባቢ ጥበቃ ቢሮዎች ከጓሳ የሚወጡትን ወንዞች በበጋና በክረምት በመለካት ሥራውን ይጀምሩ።