ጳጉሜን የሚያውቅ ኮድ

ባቱ ከተማ ውስጥ አንድ ሕፃን ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ተወለደ እንበል። አዋላጇ ቀኑን መዝገብ ላይ ለማስፈር አትቸገርም። ያው ቀን ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ግን ነገሩ ይለያል። አብዛኛው የዓለም ሶፍትዌር የሚያውቀው 12 ወር ነው፤ 13ኛ ወር ሲሰጡት ስህተት ነው ብሎ ይመልሳል። 13ኛውን ወር የሚያውቀውም ቢሆን፣ ጳጉሜ በየአራት ዓመቱ አንዴ ስድስት ቀን እንደምትሆን ካልተነገረው ለዚህ ሕፃን የልደት ቀን አያገኝለትም።

ጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ያዋለው ዲኤችአይኤስ2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት የእኛን ዘመን አቆጣጠር ከሚያውቁት ጥቂት ሶፍትዌሮች አንዱ ነው። የሚሠራው በኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት ሲሆን ምንጭ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። ታዲያ ጳጉሜን የሚያሰላው ስሌት ኦስሎ ውስጥ አልተጻፈም። ዲኤችአይኤስ2 ስሌቱን የተዋሰው ጆዳ-ታይም ከተባለ ራሱን የቻለ የኮድ ስብስብ ነው። ይህን ስብስብ የጀመረው ስቲቨን ኮልበርን የተባለ ፕሮግራመር ነው፤ የመጀመሪያው ሙሉ ስሪት የወጣውም እ.ኤ.አ. በ2005 ነበር። የኢትዮጵያ አቆጣጠር በውስጡ ከግብፅ ኮፕቶች አቆጣጠር ጎን ተቀምጧል።

እንዲህ አንዱ ኮድ ሥራውን ለመሥራት ሌላው ላይ ሲደገፍ፣ ባለሙያዎቹ ዲፔንደንሲ የሚሉትን ነገር እኛ ጥገኝነት እያልን እንቀጥል። የዛሬ ሶፍትዌር በሙሉ በጥገኝነት የተገነባ ነው። የተደገፉበት ኮድ ራሱ ሌላ ላይ ይደገፋል፤ ያም ሌላ ላይ። ጥያቄው ይህ ሰንሰለት ሲንቀሳቀስ ከላይ ያለው ሥርዓት እንዴት ሳይናጋ ይቆያል የሚለው ነው።

የመጀመሪያው መልስ ቁጥር ነው። ዲኤችአይኤስ2 የተጻፈው ጃቫ በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ የጃቫ ፕሮግራመሮች ደግሞ የሚደገፉባቸውን ስብስቦች ሜቭን ለተባለ መሣሪያ በአንድ ፋይል ይዘረዝሩለታል። እያንዳንዱ መስመር የስብስቡን ስምና የስሪቱን ቁጥር ይይዛል። ሜቭን ሁለት ዓይነት ስሪት ይለያል። ስናፕሾት የሚል ቅጥያ ያለው ገና እየተሠራ ያለ ነው፤ ዛሬ የወረደውና ነገ የሚወርደው ስማቸው አንድ ቢሆንም ይዘታቸው ሊለያይ ይችላል። ቅጥያ የሌለው ግን ያለቀለት ነው፤ ሜቭን ሴንትራል የተባለው ማከማቻም አንዴ የተቀበለውን ስሪት አይቀይርም፣ አይሰርዝም። ስለዚህ የተረጋጋ ስሪት ሊወጣ ሲል ከዝርዝሩ ውስጥ አንድም ስናፕሾት መቅረት የለበትም። ይህ ካልተጠበቀ፣ ዛሬ አዳማ ላይ የተገጣጠመው ሥርዓት በሳምንቱ ባቱ ላይ ሲገጣጠም ሌላ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ አንድም የራስ ኮድ ሳይነካ። ማከማቻው ራሱ ጥብቅ ካልሆነስ? እ.ኤ.አ. በማርች 2016 ኤንፒኤም ከተባለው የጃቫስክሪፕት ማከማቻ ሌፍት-ፓድ የምትባል 11 መስመር ኮድ በደራሲዋ ተነሳች። እሷ ላይ የተደገፉ ፕሮጀክቶች በዓለም ዙሪያ መገጣጠም አቃታቸው።

ቁጥሩ ተቸነከረ ማለት ግን ዳግም አይነካም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ሎግፎርጄ የተባለው የጃቫ ስብስብ ውስጥ አደገኛ ቀዳዳ ተገኘ። የስብስቡ ሥራ ሰርቨሩ የሠራውን ሁሉ በማስታወሻ መያዝ ነው፤ ተራ ነገር ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም ነበር። ቀዳዳው ግን አንድ አጥቂ የተወሰነ ጽሑፍ በመላክ ብቻ ሰርቨሩን በእጁ እንዲያስገባ ያስችለው ነበር። ዲኤችአይኤስ2ም ይህ ስብስብ ላይ ይደገፍ ስለነበር ለሚደግፋቸው ስሪቶች እርማት አወጣ። ያን ሰሞን በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎችን ያስጨነቀው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ይህ ነገር እኛ ጋ አለ ወይስ የለም? ዝርዝር የነበረው ወዲያው መለሰ። አንድ መድኃኒት ከገበያ ይሰብሰብ ሲባል የባች ቁጥር የመዘገበ ፋርማሲ የትኛውን ካርቶን እንደሚያወርድ እንደሚያውቅ ማለት ነው። ያልመዘገበው መደርደሪያውን በሙሉ መፈተሽ ነበረበት። ያ ብቻ አይደለም፤ የሎግፎርጄ የመጀመሪያው እርማት 2.15.0 በቂ ሆኖ ስላልተገኘ 2.16.0፣ 2.17.0 እና 2.17.1 በዚያው ወር ተከታትለው ወጡ።

እንዲህ ያለ እርማት በሁለት መንገድ ሊደርስ ይችላል። አንደኛው ሁሉንም ወደ አዲሱ ዋና ስሪት ማሻገር ነው፤ ይህ ግን ከእርማቱ ጋር አዳዲስ ገጾችን፣ የተለወጡ ቅጾችንና አዳዲስ ስህተቶችን ይዞ ይመጣል። ሁለተኛው እርማቷን ብቻ ነጥሎ ሥራ ላይ ወዳለው የቆየ ስሪት ማውረድ ነው። 2.37.2 የሚል የዲኤችአይኤስ2 ቁጥር ሲያዩ መካከለኛው ዋናውን ስሪት፣ የመጨረሻው ደግሞ እንዲህ የወረዱ እርማቶችን ይናገራል። ሥራው አሰልቺና ምስጋና የማይገኝበት ነው፤ ሆኖም የወር ሪፖርት የማድረሻ ቀን ለደረሰበት የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ከማንኛውም አዲስ ገጽታ ይበልጥበታል ባይ ነኝ።

በሌላ በኩል ለአዲስ ነገር አለመቸኮል የሚያድንበት ጊዜ አለ። መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ኤክስዜድ በተባለ የፋይል ማመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ ተንኮል መኖሩ ይፋ ሆነ። የተበከሉት ስሪቶች 5.6.0 እና 5.6.1 ነበሩ። ዴቢያን የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት የሙከራ ስሪቶች ተቀብለዋቸው ነበር፤ የተረጋጋው ዴቢያን ግን የቆየውን ቁጥር ይዞ ስለነበር አልተነካም።

ወደ ዘመን አቆጣጠራችን ስንመለስ ሌላ ዓይነት ችግር አለ፤ የተደገፉበት ኮድ ሲያረጅ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጃቫ 8 የራሱን የቀን ስሌት ይዞ መጣ፤ የጆዳ-ታይም ሰዎችም ተጠቃሚዎቻቸው ወደዚያ እንዲሻገሩ መከሩ። አዲሱ ስሌት የሂጅራን፣ የጃፓንን፣ የታይዋንን እና የታይላንድን አቆጣጠር ያውቃል። የኢትዮጵያን ግን አያውቅም። እሱን የሚፈልግ ሰው ስሪቴን-ኤክስትራ የተባለ ተጨማሪ ስብስብ ላይ መደገፍ አለበት። ይህን የማያውቅ ፕሮግራመር በቅን ልቦና አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን ቢያስገባ፣ ለብዙ አገሮች ምንም አይጎድልም፤ ለእኛ ግን አንድ ወር ይጠፋል። በዚያ ላይ አዳዲሶቹ የዲኤችአይኤስ2 ገጾች የሚሠሩት ብሮውዘር ውስጥ በጃቫስክሪፕት ስለሆነ የጆዳ-ታይም ስሌት አይደርሳቸውም፤ ለእነሱ ሌላ የቀን ስብስብ ተጽፏል። ሰርቨሩና ብሮውዘሩ ጳጉሜን ለየብቻ እያሰሉ መስማማት አለባቸው። ስለዚህ ማንኛውም አዲስ ስሪት አገር ውስጥ ከመተከሉ በፊት በጳጉሜ 5፣ በጳጉሜ 6 እና በመስከረም 1 መፈተን ይኖርበታል። ይህን ፈተና ከእኛ በላይ የሚያስብልን የለም።

የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ሥርዓቱን ከአሠራራችን ጋር ሲያስማሙ የሚገጥማቸው ፈተናም አለ። ዋናውን ኮድ ቀድቶ በራስ እጅ መቀየር ፈጣን ይመስላል፤ በቀጣዩ ስሪት ግን ያ ሁሉ ለውጥ እንደገና በእጅ መግባት ይኖርበታል፤ ሁለት ሦስት ስሪት ካለፈ ደግሞ የሚሞክረው አይገኝም። ዲኤችአይኤስ2 የሚደግፈው የመጨረሻዎቹን ሦስት ዋና ስሪቶች ነው፤ ወደ ኋላ የቀረ ቀጣዩ ቀዳዳ ሲገኝ እርማት አይደርሰውም። ዋናውን ሳይነኩ በጎኑ በሚተከል መተግበሪያ መሥራት ይሻላል።

ባቱን የመሰለ ከተማ ውስጥ ያለ መሥሪያ ቤት ሶፍትዌር ሲያሠራ ከሠሪው ሊቀበለው የሚገባው ከሚሠራው ፕሮግራም በተጨማሪ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የጥገኝነቶቹ ሙሉ ዝርዝር ከነቁጥራቸው፣ ሁለተኛው የእነዚያ ስብስቦች ቅጂ በዲስክ። ከመረካከቡ በፊት ኢንተርኔቱ ተነቅሎ ሥርዓቱ ባዶ ኮምፒውተር ላይ ከዜሮ ይገጣጠም። ከተገጣጠመ ፊርማው ይቀጥላል፤ አንድ ፋይል ጎደለ ካለ ሠሪው ያንን አምጥቶ እንደገና ይጀምር።