ተጨማሪ መረጃ፦ በስድስት ዙር ከጭሮ ሕዝብ የሚበልጥ ሰንሰለት

በአንድ ቁጥር እየተባዛ የሚያድግ የቁጥር ድርድር ተምራችኋል። ይህ ዕውቀት የቤተሰባችሁን ጥሪት ከአጭበርባሪ ሊያድን ይችላል።

ፒራሚድ ሽያጭ የሚባለው፣ የአባላት «ትርፍ» ከእውነተኛ ንግድ ሳይሆን ከእነሱ በኋላ ከሚገቡ ሰዎች ክፍያ የሚመጣበት አሠራር ነው። እያንዳንዱ አባል 6 ሰዎች ያስገባል እንበል፦ 6፣ 36፣ 216፣ 1,296፣ 7,776። ስድስተኛው ዙር ብቻ 46,656 አዲስ ሰው ይፈልጋል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ከተማ ነዋሪዎች 34 ሺህ አይሞሉም ነበር። አሥራ አንደኛው ዙር ደግሞ ከ362 ሚሊዮን በላይ ሰው ይጠይቃል፤ ይህም ከመላው ኢትዮጵያ ሕዝብ ይበልጣል። ስለዚህ ሰንሰለቱ መበጠሱ አይቀርም። በተበጠሰበት ጊዜ ከ6 አባላት 5ቱ ያህል የመጨረሻው ዙር ሰዎች ናቸው፤ የከፈሉትን የሚተካላቸው ሰው የለም።

በዕቁብ ግን አባላቱና መዋጮው የታወቁ ናቸው፤ እያንዳንዱ ያዋጣውን ያህል በተራው ይወስዳል።

አዋጅ ቁጥር 813/2006 ፒራሚድ ሽያጭን ይከለክላል። ይሁን እንጂ ግብዣው በስልክና በዘመድ አፍ ስለሚዛመት፣ አቤቱታ ለተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እስኪደርስ ገንዘቡ ሊጠፋ ይችላል። በጫት ወይም በቡና ንግድ ጥቂት ብር ያጠራቀሙ እናቶችና ከውጭ በሚላክላቸው ገንዘብ የሚኖሩ አረጋውያን እንዲህ ያለውን ኪሳራ አይችሉትም።

ሞክሩ፦ እያንዳንዱ አባል 3 ሰዎች ቢያስገባ፣ የአንድ ዙር አዲስ አባላት ብዛት ከ34,000 የሚበልጠው በስንተኛው ዙር ነው? ስሌቱን ለቤተሰባችሁ አስረዱ። «ሰው ካመጣችሁ ትከብራላችሁ» የሚል ሰው ሲመጣም ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት «ትርፉ ከየት ይመጣል? ፈቃዱን የሰጠው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።