የመኪና አስተማማኝነት ደረጃ ምን ያህል ይታመናል?

ናይሮቢ ውስጥ መኪና ለመግዛት የተነሣ ወላጅ መካሪ አያጣም። ጎረቤቱ «ቶዮታ ካልሆነ አትግዛ» ይለዋል፤ የሥራ ባልደረባው «ማዝዳ ይሻላል» ይለዋል፤ ደላላው ደግሞ በእጁ ያለውን ያመሰግናል። በቅርብ ዓመታት አንድ ሌላ መካሪ ተጨምሯል፤ እሱም በስልክ የሚታየው የደረጃ ሰንጠረዥ ነው። አንደኛ እገሌ፣ ሁለተኛ እገሌ፣ መጨረሻ እገሌ እያለ በቁጥር ስለሚናገር ከሁሉም ይልቅ የሚታመን ይመስላል። ነገር ግን ለመኪናው የሚከፈለው የዕቁብ ገንዘብ ወይም የዓመታት ቁጠባ ነው። በየጠዋቱ ተሳፍረውበት ትምህርት ቤት የሚመጡትም ልጆቻችን ናቸው። ስለዚህ ሰንጠረዡ ማንን አንደኛ እንዳደረገ ከማየት በፊት ምን ቆጥሮ እዚያ እንደደረሰ መጠየቅ ይገባል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ።

ከሰንጠረዦቹ ሁሉ ስሙ የሚነሣው የአሜሪካው ጄዲ ፓወር ነው። ይህ ድርጅት መኪናቸውን በአዲስነቱ ገዝተው ሦስት ዓመት የነዱ አሜሪካውያንን ይጠይቃል፤ ባለፉት 12 ወራት ምን ችግር እንደገጠማቸው ይመዘግባል። ከዚያም ችግሮቹን ደምሮ «ከመቶ መኪና ይህን ያህል ችግር» ብሎ ያስቀምጣል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ደረጃው ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ጥናት የሁሉም መኪናዎች አማካይ 202 ነበር፤ አንደኛ የወጣው ሌክሰስ ደግሞ 140 አገኘ።

ተማሪዎች እስቲ እናስላው። 202ን ለ100 ብናካፍል ለአንድ መኪና 2 ያህል ችግር ይደርሳል። 140ን ለ100 ብናካፍል 1.4 ይሆናል። ስለዚህ በአንደኛውና በአማካዩ መካከል ያለው ልዩነት በአንድ መኪና፣ በአንድ ዓመት፣ ከአንድ ችግር ያነሰ ነው። በሰንጠረዡ መካከል ያሉት ደግሞ ከዚህም በላይ ይቀራረባሉ፤ አሥረኛ የወጣው ከስምንተኛው በግልጽ ያንሳል ብሎ መደምደም አይቻልም።

ሌላው ጥያቄ ችግር የተባለው ምንድን ነው የሚለው ነው። በዚህ አቆጣጠር ስልክ ከመኪናው ስክሪን ጋር አልገናኝ ቢል አንድ ችግር ነው፤ ካምቢዮ ቢሰበርም አንድ ችግር ነው። በ2025ቱ ጥናት በብዛት የተነሣው ቅሬታ የስልክና የስክሪን ግንኙነት ነበር። ባለቤቱን ያበሳጫል እንጂ መኪናውን መንገድ ላይ አያስቀረውም። እንግዲህ አንድ ፋብሪካ ከሰንጠረዡ ግርጌ የተገኘው ሞተሩ ደካማ ስለሆነ ሳይሆን ስክሪኑ ስላስቸገረ ሊሆን ይችላል።

ሁሉም ሰንጠረዥ ግን እንዲህ አይቆጥርም። ከ1936 ጀምሮ የሚሠራውና ማስታወቂያ የማይቀበለው የአሜሪካው ኮንሱመር ሪፖርትስ አባላቱን ይጠይቃል፤ የሞተርና የካምቢዮ ብልሽትን ከጥቃቅኑ ይልቅ አክብዶ ይመዝናል። በጀርመን ደግሞ የቲዩፍ ዘገባ አለ። በዚያ አገር የግል መኪና በሦስት ዓመቱ፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ ይመረመራል፤ ዘገባውም በምርመራው የወደቁትን ይቆጥራል። ምርመራው የሚያየው ፍሬን፣ መብራት፣ መሪ፣ ጎማና የመሳሰለውን ነው። ካምቢዮው ሊሞት የተቃረበ መኪና ፍሬኑና መብራቱ ደኅና ከሆነ ሊያልፍ ይችላል። ከምርመራው በፊት ጋራዥ የገባ መኪናም ካልገባው የተሻለ ውጤት ያገኛል። ስለዚህ ሁለት ሰንጠረዦች ስለ አንድ መኪና የተለያየ ነገር ቢናገሩ አንዱ ዋሸ ማለት አይደለም፤ የጠየቁት ጥያቄ የተለያየ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደራሳችን እንምጣ። ኬንያ ከስምንት ዓመት በላይ የሆነው ያገለገለ መኪና እንዲገባ አትፈቅድም። አብዛኛው መኪና ከጃፓን ተነሥቶ በሞምባሳ ወደብ የሚገባ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ሰባት ዓመት ገደማ የሆነው ነው። በ2025ቱ ጥናት የተጠየቁት ሰዎች የነዱት ግን የ2022 ሞዴል ነበር። ያ መኪና እኛ ዘንድ የሚደርሰው በ2029 አካባቢ መሆኑ ነው። ከዚህም ሌላ በመንገዳችን ላይ የሞሉት ፕሮቦክስና ፊልደር በአሜሪካ ገበያ ተሸጠው አያውቁም፤ ስለዚህ በዚያ ጥናት ውስጥ ጨርሶ የሉም። ስማቸውን የሚወስዱት ከፋብሪካው ነው። አንድ ፋብሪካ ግን ቀላል ትንሽ መኪናም፣ ውስብስብ ትልቅ መኪናም ይሠራል። የፋብሪካው አማካይ ስለ አንዱ ሞዴል ብዙ አይነግረንም።

«ሰንጠረዡን ትቼ በዓይኔ ያየሁትን አምናለሁ» የሚል ይኖራል። ዓይንም ቢሆን ሒሳብ ይፈልጋል። ለምሳሌ በአንድ ጋራዥ አሥር መኪና ቆሟል እንበል፤ ስድስቱ የ«ሀ» ፋብሪካ፣ አራቱ የ«ለ» ናቸው። «ሀ ይበላሻል» ልንል እንቸኩላለን። ነገር ግን በሰፈሩ ካሉት መቶ መኪናዎች 80ዎቹ የ«ሀ»፣ 20ዎቹ የ«ለ» ቢሆኑስ? ከ80 ስድስት ማለት 7.5 በመቶ ነው፤ ከ20 አራት ማለት 20 በመቶ ነው። ብዙ የተበላሸው «ለ» ሆኖ ተገኘ። ጋራዥ የቆመውን ብቻ ሳይሆን መንገድ ላይ ያለውንም መቁጠር ያስፈልጋል።

ታዲያ ሰንጠረዥ ከንቱ ነው? አይደለም። ለብዙ ዓመታት፣ በተለያዩ አገሮች፣ በተለያየ አቆጣጠር ከላይ የሚገኝ ስም ካለ አንድ ቁም ነገር እየነገረን ነው። አንድ ዓይነት ሞተር ወይም ካምቢዮ በተደጋጋሚ ሲወቀስ ካየንም መጠንቀቅ አለብን። የምንመለከተው ግን የፋብሪካውን ስም ሳይሆን ሞዴሉን፣ የተሠራበትን ዓመትና የሞተሩን ዓይነት ነው። ሰንጠረዡ ከብዙ መኪናዎች መካከል ሦስት አራቱን ለመምረጥ ይረዳል። ከዚያ ወዲያ የሚወስነው ከፊታችን የቆመው መኪና ነው።

ያንን መኪና የምንመረምርበት መንገድ አለ። በመጀመሪያ የጃፓኑን የጨረታ ወረቀት ጠይቁ፤ የሄደው ኪሎ ሜትርና የተሰጠው ነጥብ ተጽፎበታል። በነጥቡ ቦታ የእንግሊዝኛው «አር» ፊደል ካለ መኪናው ተጋጭቶ የተጠገነ ነው። በወረቀቱ ያለውን ኪሎ ሜትር ከቆጣሪው ጋር አስተያዩ፤ ቆጣሪ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላልና። ሁለተኛ፣ ከሻጩ ጋር የማይተዋወቅ መካኒክ ይዛችሁ በጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሡት። ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እያቃጠለ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮው ማርሽ ሲገባ ቢዘገይ ወይም ቢመታ ሌላ መኪና ፈልጉ። ሦስተኛ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ኪሪኛጋ መንገድ ወዳሉት የመለዋወጫ ሱቆች ሄዳችሁ የፍሬን ሸራና የካምቢዮ ዋጋ ጠይቁ። እምብዛም የማይበላሽ መኪና መለዋወጫው ካልተገኘ አንድ ቀን ለወራት ይቆማል።

በመጨረሻም፣ አስተማማኝነትና ደኅንነት አንድ አይደሉም። በደረጃው አንደኛ የሆነ መኪና ያረጀ ጎማ ተገጥሞለት ሊሸጥ ይችላል። ልጆች፣ ይህን እናንተም ማየት ትችላላችሁ። በጎማው ጎን አራት አሃዝ ታገኛላችሁ፤ 2319 ቢል እ.ኤ.አ. በ2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። የአባታችሁን ወይም የእናታችሁን መኪና አራቱንም ጎማ ዛሬውኑ አንብቡና ዕድሜያቸውን አስሉ። የኋላ ወንበር ቀበቶዎችም ሁሉም መያዛቸውን እየሳባችሁ ፈትሹ። ውጤቱን ለወላጆቻችሁ ንገሩ፤ ይህን የትኛውም ሰንጠረዥ አይነግራቸውም።