ዕዳው የማን ነው?

ከወሎ ገጠር ተነስታ ወደ ሳዑዲ ስለምትሄድ ወጣት ስናወራ «ዕድሏን ልትሞክር ሄደች» እንላለን፤ ነገሩ የግል ድፍረት ይመስላል። ኦዴድ ስታርክና ዴቪድ ብሉም የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ1985 እ.ኤ.አ. እንደጻፉት ግን ስደት ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ውሳኔ ነው። ዝናብ ሲያጥር ገቢው ሁሉ አብሮ እንዳይደርቅ አንድ ሰው ራቅ ወዳለ ገበያ ይላካል። የእኛም አገር ነገር ከዚህ አይርቅም። ለደላላ የሚከፈለው ከበሬ ሽያጭ ወይም ከዘመድ ብድር ይመጣል፤ ሐዋላው ሲደርስ መጀመሪያ ብድሩ ይመለሳል፣ ቀጥሎ ቤቱ ቆርቆሮ ይለብሳል፣ ለታናሽ ወንድም ደብተር ይገዛለታል።

«ታዲያ ወዳ አይደል የሄደችው?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ብዙዎቹ አውቀውና ፈልገው ይሄዳሉ፣ እንደ ተጎጂ ብቻ ማየትም ንቀት ነው። ሆኖም ጥቅሙ ለሁሉም ሲዳረስ አደጋው በአንዷ ላይ ይከመራል። በከፋላ (የአሠሪ ዋስትና) ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ሳዑዲ በ2021 እ.ኤ.አ. አሠሪ መቀየርን ስታቀልል እንደ እሷ ያሉ የቤት ሠራተኞችን አላካተተችም። በ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በተጀመረው የማባረር ዘመቻ 160 ሺህ ያህል ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ነበሩ።

«አትሂጂ» የሚለው ምክር ሰሚ ቢያጣ አይደንቅም፤ ውሳኔው የእሷ ብቻ አልነበረማ። ድርድሩ መደረግ ያለበት ከመሄዷ በፊት፣ እዚያው ቤት ውስጥ ነው፦ ከምትልከው ስንቱ በስሟ ባንክ ይገባል? ሳይሳካላት ብትመለስስ ብድሩን ማን ይከፍላል?